የለቅሶው ቀን ፓርኪንግ

«ታዲያ ሴትዮዋን ራሷን ለምን አትጠይቂያትም?»

 ጥያቄው ለመይሙና የመጣው በስልክ ነው፤ ለተከሰሱ ሰዎች በነፃ ምክር ከሚሰጥ የሳን ሆዜ ቢሮ። ጠያቂዋ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወጣት ነበረች፤ በመሃል ሆኖ የሚያስተረጉመው ደግሞ ድምፁ ጎርነን ያለ አበሻ። መይሙና በምትሠራበት የፓሎ አልቶ ሆስፒታል፣ ከኩሽናው ጀርባ ባለው ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ የፀጉር መረቧን እንኳ ሳታወልቅ፣ የምሳ ዕረፍቷን ሠላሳ ደቂቃ ነገሩን በማስረዳት ጨረሰችው። ኤፕሪል ላይ ሳን ሆዜ ለቅሶ ሄዳለች። መኪናዋን ከለቅሶው ቤት አጠገብ፣ ከአንድ ላውንደሪ ጎን ባለው ፓርኪንግ አቁማለች። በሦስተኛው ሳምንት የሰማንያ አምስት ዶላር ደብዳቤ መጣላት፤ ከመንግሥት አይደለም፣ ፓርኪንግ ከሚጠብቅ የግል ኩባንያ ነው። «ተፈቅዶልን ነው ያቆምነው» ብላ በልጇ እጅ አጽፋ መለሰች። ሰማንያ አምስቱ መቶ አርባ ሆነ፤ መቶ አርባው አራት መቶ ሰማንያ አምስት ሆነ፤ አሁን ስሞል ክሌምስ በሚባለው፣ አነስተኛ የገንዘብ ክርክር በሚታይበት ፍርድ ቤት ቅረቢ ተብላለች። ፈቃዱ በቃል ብቻ አልነበረም። የላውንደሪው ባለቤት በእጁ የጻፈው ወረቀት በለቅሶው ቤት በር ላይ ተለጥፎ ነበር፤ አይታዋለች፣ አንብባዋለች። ሰውየው ግን ሱቁን ሸጦ ቴክሳስ ልጁ ዘንድ ገብቷል። ወረቀቱ፣ ካለም፣ ያለው ባሏ በሞተባት ሴት እጅ ነው።

አስተርጓሚው ጥያቄውን ወደ አማርኛ አዞረው።  ወጣቷ መልስ ትጠብቃለች፤ እሱ ግን መልሱን ያውቀዋል፤ ከራሱ አንዲት ቃል መጨመር ስላልተፈቀደለት ጉሮሮውን ብቻ ጠረገ። ባሏን የቀበረችን ሴት «ለቅሶሽ ላይ መጥቼ ተከሰስኩ» የሚባለው በየትኛው አፍ ነው? «ለባልሽ ያለቀስኩበትን ክፈይኝ» ከማለት በምን ይለያል? መይሙና ይህን በእንግሊዝኛ ቀርቶ በአማርኛም እንዴት እንደሚሉት አላወቀችም። «አስቸጋሪ ነው» አለች። «ኢት ኢዝ ዲፊከልት» አለ አስተርጓሚው። ወጣቷም ወረቀቱ ከሌለ ዳኛ የሚያየው የኩባንያውን ፎቶ ብቻ እንደሚሆን በትህትና ነግራት፣ መልካም ዕድል ተመኝታ ዘጋች።

ይህ ማክሰኞ ነበር። ቀጠሮው ሐሙስ፣ ከቀኑ ሰባት ተኩል ላይ ነው። ሐሙስ ጠዋት መይሙና ሌክ ሜሪት አጠገብ ባለው ባለ አንድ መኝታ ቤቷ፣ ልጇ ሰልዋ ከተኛችበት የሳሎን ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግታ ታያለች። አንደኛው የፍርድ ቤቱ ነው። ሁለተኛው እዚሁ ሕንፃ ውስጥ፣ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ለተለቀቀው ባለ ሁለት መኝታ ቤት የሚሞላ ማመልከቻ ነው። ኪራዩ በአምስት መቶ ዶላር ይበልጣል፤ ግን ሰልዋ የነርሲንግ ትምህርቷን የምታጠናበት የራሷ በር ይኖራታል። መይሙና ማመልከቻውን ከላይ እስከ ታች ራሷ ነው ያነበበችው፤ ሁለት ምሽት ወስዶባታል። ስም፣ የሥራ ቦታ፣ ደመወዝ፣ ሁሉንም ሞልታ አሥራ አራተኛው ጥያቄ ላይ ቆማለች። «በእርስዎ ላይ የፍርድ ቤት ውሳኔ ተሰጥቶ ያውቃል?» ይላል፤ ከጎኑ ሁለት ትንንሽ ሳጥን። ማመልከቻው ዓርብ ይመለሳል።

ውሳኔ የሚለውን፣ ጁጅመንት የሚለውን ቃል፣ ያስረዳቻት ሰልዋ ናት። «ናው ኢትስ ጀስት ዴር ወርድ፣ ማሚ» ነበር ያለቻት። አሁን ገንዘቡ የኩባንያው ወሬ ነው። ዳኛ ከወሰነ በኋላ ግን የፍርድ ቤቱ ቃል ይሆናል፤ ኩባንያው ያንን ወረቀት ይዞ መሥሪያ ቤቷ ደመወዟ ላይ፣ ባንክ ያለችው ገንዘቧ ላይ መምጣት ይችላል። አሥር ዓመት ይቆያል፤ ሲያልቅም ይታደሳል። መይሙና አሥር ዓመት ሲባል ሰልዋ በዚያ ጊዜ ስንት ዓመቷ እንደሚሆን አሰበች። ክፍያውን ከፍላ መገላገል እንደምትችልም ታውቃለች። ግን ከፈለች ማለት የሰው ቦታ ሰረቀች ማለት ነው፤ ያውም በለቅሶ ቀን።

ሰልዋ ዓይኗን ሳትገልጥ «ዲድ ዩ ኮል ኸር?» አለች።

«ተኚ።»

«ማሚ። ዩ ኒድ ዘ ፔፐር።»

መይሙና ወረቀቶቹን ሰብስባ ሰልዋ ባዘጋጀችላት ሰማያዊ ፎልደር ውስጥ ከተተች። እናትና ልጅ ስለዚህ ነገር የሚነጋገሩት እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚህ ወዲያ አንዷ ወደ ማድቤት፣ ሌላዋ ወደ ስልኳ ትዞራለች። ሰልዋ ክላስ ስላላት አብራት አትሄድም። በሩ ላይ ስትደርስ ግን «ካልሄድሽ ዴይ ዊን። ጀስት ላይክ ዛት» አለቻት ከሶፋው ላይ ቀና ብላ፤ ከዚያ «አይዞሽ» የሚለውን በአማርኛ ጨመረች። ሰልዋ አማርኛ የምታወጣው እንግሊዝኛው አልበቃ ሲላት ነው።

መኪናዋን አልወሰደችም። ለፓርኪንግ ክስ በመኪና ሄዶ ሌላ የፓርኪንግ ክስ ይዞ መመለስ ይኖራል ብላ ፈራች። ባርት ባቡሩን ከሌክ ሜሪት ያዘች። በመንገድ ላይ እንደ ልማዷ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፤ የጣቢያ ስም፣ የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ፣ ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሰው ቲሸርት። ሁለት ዓመት በላይብረሪ ማንበብ ስትማር አስተማሪዋ የሰጠቻት ትልቁ የቤት ሥራ ይህ ነው፤ ዓይንሽ ላይ የመጣ ጽሑፍ እንዳያልፍሽ። ያን ቀን ለቅሶ ቤት ደጃፍም የሆነው እንዲሁ ነው። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በበሩ ሲገባ፣ እሷ ነጠላዋን እያስተካከለች መስላ ቆማ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈውን ወረቀት ፊደል በፊደል ለቅማ አንብባ ጨረሰች። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱት አላዩትም። ማንበብ የማያስቸግረው ሰው በር ላይ ቆሞ አያነብም።

ባሏ የሞተባት ሴት ብርነሽ ትባላለች። መይሙናና ብርነሽ በሆስፒታሉ ኩሽና አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን የሕሙማን ምግብ ትሬ ደርድረዋል። በረመዳን የማፍጠሪያ ሰዓት ሲደርስ ብርነሽ ምንም ሳትናገር ከራሷ መስመር ዞር ብላ የመይሙናን መስመር ትይዝላታለች፤ ለሠላሳ ቀን፣ በየዓመቱ፤ አንድም ቀን ሳታስታውሳት፣ አንድም ጊዜ ውለታ ሳታደርገው። ባሏ ኃይለየሱስ በታመመ ጊዜ ሥራዋን ለቀቀች። መይሙና በዚህች ሴት የምትደነቅበት ነገር ብዙ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ሰጥታ የመርሳት ችሎታዋ ይገርማታል። እንዲህ ያለችውን ሴት ነው አሁን ማስረጃ አምጪ የምትለው።

ቤሪየሳ ጣቢያ ወርዳ አውቶቡስ ያዘች። ለሰልዋ አልነገረቻትም እንጂ ከቤት በጠዋት የወጣችው ለፍርድ ቤቱ ብላ አልነበረም። ከሦስት ሰዓት ተኩል በፊት የብርነሽ በር ላይ ቆማለች፤ በእጇ በአራት ዶላር ከዘጠና ዘጠኝ የገዛችው ብርቱካን። ወረቀቱ የነበረበትን ቦታ አየችው። ወረቀቱ የለም። በአራቱ ማዕዘን አራት ቁራጭ ፕላስተር ብቻ ቀርቷል።

«ውይ መይሙ! በሐሙስ? ሥራስ?» አለች ብርነሽ በሩን ከፍታ።

«ኦፍ ነኝ። እዚህ የዶክተር ቀጠሮ ነበረኝ፤ ሳላይሽ ላልፍ ነው ብዬ።»

«ምንሽን ነው?»

«ዓይኔን።»

«ይኸው! አነበብኩ አነበብኩ ስትዪ ዓይንሽን ጨረስሽው። ግቢ።»

ሳሎኑ ሰፍቶ ታያት። በለቅሶው ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ተጣጣፊ ወንበሮች ተመልሰዋል፤ ሶፋው ወደ ቦታው ገብቷል፤ የኃይለየሱስ ጫማ ግን እበሩ ሥር፣ አፍንጫው ወደ ውጭ ዞሮ እንደተቀመጠ ነው። ብርነሽ ሻይ ቀዳች። የኋላውን ክፍል ልታከራየው ነው፤ አንድ ሺህ አንድ መቶ ብትል ሰው ይመጣል ወይ? መይሙና እንዲያውም አንድ ሺህ ሦስት መቶ በዪ አለቻት። ስለ እንቁላል ዋጋ አወሩ። ኩሽና ውስጥ ስለመጣው አዲሱ አለቃ፣ ትሬ በሰዓት ስለሚቆጥረው፣ ስቀው አወሩ። ከዚያ ወሬው አለቀ። መይሙና ፎልደሩን ከቦርሳዋ ሳታወጣ በጣቷ ትዳስሰዋለች። አንድ ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ብርነሽ ስኳሩን አቀረበችላት። ስኳሩን ጨመረች። ብርነሽ ራሷ ደግሞ ስኒዋን አስቀምጣ «ስሚ መይሙ፣ ያኔ በለቅሶው ቀን...» ብላ ጀመረችና አቆመች።

«ያኔ ምን?»

«አይ፣ ሰው ሁሉ እንዴት ደከመ ለማለት ነው።»

«ምን ድካም አለው» አለች መይሙና፤ ይህን ካለች በኋላ ደግሞ ወረቀቱን መጠየቅ ፈጽሞ የማይሆን ነገር ሆነ። ብርነሽ እስከ ዶክተሩ ላድርስሽ ብትላት በላሂ ተይኝ ብላ ወጣች። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆማ በራሷ ተናደደች፤ ግማሽ ቀን አቃጥላ፣ ሻይ ጠጥታ፣ ውሸት ዋሽታ፣ ባዶ እጇን ወደ ፍርድ ቤት ሄደች።

ፍርድ ቤቱ መሃል ሳን ሆዜ ነው። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ በግራና በቀኝ የእንጨት አግዳሚ ተደርድሯል። የመጀመሪያው አግዳሚ ላይ ጋሽ አምሐ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጋሽ አምሐ የኃይለየሱስ የቅርብ ወዳጅ፣ የድሮ ታክሲ ነጂ ናቸው። ያን ቀን መንገድ ላይ ቆመው «ግቡ፣ ግቡ፣ ቦታ አለ» እያሉ መኪናውን ሁሉ በእጅ ምልክት ወደ ፓርኪንጉ ያስገቡት እሳቸው ናቸው።

«መይሙና! ምን እግር ጣለሽ?» አሉ ብድግ ብለው።

«እ... የሰው ነገር ነው፣ ጋሽ አምሐ። እርስዎስ?»

«ጁሪ ሆኜ ልፈርድ ተጠርቼ ነው» አሉ ጋሽ አምሐ፣ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አድርገው።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግሩምና ሚስቱ መቅዲ ከሊፍት ወጡ። እነሱም ለቅሶው ላይ ነበሩ፤ ውኃና ለስላሳ በመኪናቸው ጭነው ያመጡት እነሱ ናቸው። ግሩም ሲያያቸው መልሶ ሊፍት ውስጥ ሊገባ ቃጣው። «እትዬ መይሙና፣ ሰላም ነው? እኛ እንኳ... የፓስፖርት ጉዳይ ነበረችን» አለ። መቅዲ መሬት መሬት ታያለች። አራቱም ተቀምጠው ስለ ፓስፖርት መዘግየት ማውራት ጀመሩ።

ይህን ጊዜ ከፍርድ ቤቱ ክፍል አንድ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ወጣት፣ ዝርዝር ይዞ ወጣና የሦስቱን ስም እየተጣመመበት ጠራ። የኩባንያው ተወካይ ነበር። አምሐ አለ፤ ጋሽ አምሐ እጃቸውን እንደ ተማሪ ከፍ አደረጉ። ግሩም አለ። መይሙና አለ።  ከዚያ መቅዲን ሳቅ አፈናት፤ አፏን በእጇ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ጋሽ አምሐም «ጥሩ ጁሪ ነው ያገኘሁት» ሲሉ አራቱም ሳቁ። ስድስት ወር ሙሉ እያንዳንዳቸው፣ የብርነሽ ጆሮ እንዳይደርስ ብለው፣ አንዱ ለሌላው ሳይናገር ደብዳቤውን ትራስ ሥር ሲያስቀምጡ ኖረዋል።

ወጣቱ ያቀረበው ነገር ቀላል ነበር። ዳኛ ፊት ሳይቀርቡ እዚሁ የሚጨርሱ ከሆነ ኩባንያው በሁለት መቶ ስድሳ ይስማማል፤ ፈርመው፣ በካርድ ከፍለው ቤታቸው ይሄዳሉ። ከገቡ ግን አራት መቶ ሰማንያ አምስቱ ከነ ፍርድ ቤት ወጪው ነው፤ ውሳኔውም በስማቸው ይመዘገባል። ይህን ሲል አላስፈራራም፤ የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ነበር የሚናገረው።

«እኔ ነኝ ያስገባኋችሁ» አሉ ጋሽ አምሐ ቦርሳቸውን እያወጡ። «የሁላችሁንም እኔ እከፍላለሁ።»

«ወላሂ አይከፍሉም!» መይሙና እጃቸውን ያዘች።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ልሙት!» ግሩም የራሱን ካርድ ለወጣቱ ሰጠ። ጋሽ አምሐ ካርዱን ከወጣቱ እጅ ነጥቀው ወደ ግሩም ኪስ መለሱ። ግሩም እንደገና አወጣ። መይሙና በመሃል ገባች፤ መቅዲ የጋሽ አምሐን ቦርሳ ዘጋችባቸው። አንድ ጠባቂ ከኮሪደሩ ጫፍ ጠብ መስሎት ቀረበ። የኩባንያው ወጣት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ ፈገግታው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፍቶ፣ አንዱ ተከሳሽ የሌላውን ዕዳ ለመክፈል ሲታገል ያያል።

መይሙና ትንፋሿን ሰብስባ «ቆይ፣ ማንም አይክፈል። ፈቃድ ነበረን እኮ። በጽሑፍ» አለች። ስለ ወረቀቱ ነገረቻቸው፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከበሩ ላይ፣ ላውንደሪ የነበረው ቬትናማዊው ሚስተር ፉንግ የጻፈው። ሦስቱም ዓይናቸውን አፈጠጡ። አንዳቸውም አላዩትም።

«ጋሼ፣ ፈቃድ ሳይኖር እንዴት ነበር ታዲያ የሚያስገቡን?» አለች መቅዲ።

«ብርነሽ ነግራኛለች፣ ተፈቅዷል ብላ። ወረቀት አለ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩ። በዚያ ቀን ማን ይጠይቃል?» አሉ ጋሽ አምሐ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አሁንም አንጠይቅ። ተዪያት፣ መይሙና። ቁስሏ አልጠገገም።»

ግሩምና መቅዲ ዞር ብለው ተንሾካሾኩ። ትሬሲ ከተማ ቤት ሊገዙ ነው፤ በሚመጣው ሳምንት ባንኩ የመጨረሻውን ፊርማ ይጠብቃል። ውሳኔ የምትባለዋ ቃል ከስማቸው ጋር መታየት የለባትም። «አይፍረዱብን፣ እትዬ» አለ ግሩም፤ ፈረመና ከፈለ። መቅዲ መይሙናን አቅፋ ሳመቻት። ሊፍቱ እስኪዘጋ ግሩም አንገቱን አላቀናም። መይሙና አልፈረደችበትም፤ እሷም በፎልደሯ ውስጥ የማመልከቻዋን ባዶ ሳጥን ይዛለች።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ጋሽ አምሐ ባርኔጣቸውን እያሽከረከሩ ተቀምጠዋል። መይሙና ማክሰኞ የተጠየቀችው ጥያቄ መጣባት፤ ሴትዮዋን ራሷን ለምን አትጠይቂያትም።   ብርነሽ ጠዋት ጀምራ የተወችው ዓረፍተ ነገር ትዝ አላት፤ «ያኔ በለቅሶው ቀን...»። ስልኳን አውጥታ ወደ መስኮቱ ሄደች።

«ብርነሽ፣ ዋሽቼሻለሁ።»

«ዓይንሽን አይደለም?»

«ኮርት ነኝ። ሁላችንም ነን።» ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፤ ደብዳቤውን፣ ጋሽ አምሐን፣ ግሩምና መቅዲን።  መይሙና ዓይኗን ጨፈነች። በወዲያ በኩል መሳቢያ ሲከፈት ሰማች፤ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማች።

«ስንተኛ ፎቅ ነው?» አለች ብርነሽ።

ሰባት ተኩል ላይ ችሎቱ ተጀመረ። ዳኛዋ መነጽር ያደረገች፣ ፀጉሯ ሽበት የሆነ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። በመጀመሪያ የስም ጥሪ ሆነ። ከግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን አስተርጓሚው ታየ፤ አፉን ሲከፍት መይሙና በድምፁ አወቀችው፤ የማክሰኞው ጎርናና። እሱም ስሟን ሲሰማ ቀና አለ፤ ከዚያ በላይ ምንም አላለም፤ አይፈቀድለትም። ቀድመው የተጠሩት ያልመጡ ሰዎች ናቸው። ሁለተኛው ስም ናዖድ ነበር። ናዖድ የኃይለየሱስን ሬሳ ሣጥን ከፊት በግራ በኩል የተሸከመው ልጅ ነው። ጋሽ አምሐ በጆሮዋ «አንድ ጊዜ የመጣልኝን ደብዳቤ ጣልኩት ብሎኝ ነበር፤ የግል ኩባንያ ምን ያመጣል ብሎ። ይህ መሆኑን መች አወቅኩ» አሏት። ዳኛዋ መጥሪያው በትክክል እንደደረሰው የሚያሳየውን ወረቀት አየች፤ የኩባንያው ወጣት ፎቶውን አሳየ፤ ዳኛዋ ጻፈች። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ናዖድ የት እንዳለ እንኳ ሳያውቅ አሥር ዓመት ተከተለው። ሰልዋ «ጀስት ላይክ ዛት» ያለችው ይህን ነበር።

መይሙና ስትጠራ ፎልደሯን ይዛ ቆመች። የኩባንያው ወጣት የመኪናዋን ፎቶና የማስጠንቀቂያውን ታፔላ አቀረበ። ዳኛዋ ምን ትያለሽ አለቻት። «ፈቃድ ነበረን፤ የላውንደሪው ባለቤት በእጁ የጻፈው። ወረቀቱ እየመጣ ነው፤ የያዘችው ሴት መንገድ ላይ ናት» አለች። አስተርጓሚው ቃሏን አንድ በአንድ አዞረ። ዳኛዋ ሰዓቷን አየችና ጉዳዩን ወደ ዝርዝሩ መጨረሻ ልውሰደው አለች፤ ያን ጊዜም ካልመጣ ግን በያዘችው እንደምትወስን ነገረቻት። የጋሽ አምሐም አብሮ ተላለፈ። መይሙና ተቀምጣ የሌሎችን ጉዳይ ሰማች፤ የተበላሸ ሶፋ፣ የተነከሰ ውሻ፣ ያልተመለሰ ዲፖዚት። በየጊዜው ወደ በሩ ትዞራለች። ጋሽ አምሐ መቁጠሪያ እንደያዘ ሰው የባርኔጣቸውን ጠርዝ ይቆጥራሉ።

ብርነሽ ስትገባ የተነከሰው ውሻ ጉዳይ ገና አላለቀም ነበር። ጥቁር ሹራቧን ገልብጣ ለብሳ፣ ደረጃውን በእግሯ ወጥታ ትንፋሿ ተቆራርጧል። በእጇ ፕላስቲክ ውስጥ የገባ ወረቀት ይዛለች፤ ከጀርባው የባሏ የሞት ሰርተፊኬት ይታያል። መይሙና አጠገብ ተቀመጠችና ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችላት። 

ዳኛዋ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና ጽሑፉ አስቸገራት፤ የሚስተር ፉንግ እጅ ጽሑፍ እንደ ጉንዳን ነው። «ይህን ማንበብ የሚችል አለ?» አለች። መይሙና እጇን አነሳች። ኮርት ውስጥ ቆማ፣ በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል እየረገጠች አነበበችው፤ በዚህ ቤት ኀዘን አለ፤ ከኤፕሪል ዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ የኔ ጎን ፓርኪንግ ለቤተሰቡ እንግዶች ይሁን፤ እባካችሁ መኪና አታስነሱ፤ ፉንግ፣ ላውንደሪ። አንዲት ቃል ላይ ቆመች፤ ተመለሰች፤ አለፈቻት። አስቀድማ አንብባው ታውቃለችና እስከ መጨረሻው ደረሰች። ዳኛዋ የኩባንያውን ውል ጠየቀች። ወጣቱ ገልብጦ ገልብጦ አገኘው፤ ከሕንፃው ጎን ያሉት አሥራ ሁለት ቦታዎች የላውንደሪው ድርሻ እንደሆኑ እዚያው ተጽፏል። የመይሙናም የጋሽ አምሐም መኪና የቆሙት ከአሥራ ሁለቱ መካከል ነበር። ዳኛዋ ለተከሳሽ ወሰነች፤ ለመይሙናም፣ ለጋሽ አምሐም። መይሙና ጁጅመንት የሚባለው ነገር ለሰውም ሊሰጥ እንደሚችል አላወቀችም ነበር፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሰው ላይ ብቻ የሚወርድ ይመስላት ነበር። አስተርጓሚው «ውሳኔው በእርስዎ ላይ አይደለም፤ ለእርስዎ ነው» ሲል ድምፁ ትንሽ ተለወጠ።

ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ብርነሽ ግድግዳውን ተደገፈች። «የኩባንያውን ሰው ያን ቀን አይቼዋለሁ፤ መኪና ፎቶ ሲያነሳ። ወጥቼ ወረቀቱን አሳየሁት፤ እሺ ብሎ ሄደ። ግን ልቤ አላመነውም። አንዳችሁ ትነግሩኛላችሁ ብዬ ከሰርተፊኬቱ ጋር አስቀምጬ ጠበቅኩ። ልጠይቅ ብል ደግሞ፣ ማን ነው አዎ የሚለኝ?»

«ማንም» አለች መይሙና።

«ጠዋት ሻይ ስትጠጪ እንኳ!»

«ስኳር ሰጠሽኝ እኮ።»

ብርነሽ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ሌላ ነገር ሆነና በሹራቧ ክንድ ዓይኗን ጠረገች። የናዖድን ነገር ጋሽ አምሐ ሲነግሯት ግን ቀና አለች። ዳኛዋ ክፍሉን ለቃ ሳትወጣ የተናገረችውን መይሙና ይዛው ነበር፤ ያልቀረበ ሰው ውሳኔው እንዲነሳለት በሠላሳ ቀን ውስጥ ማመልከት ይችላል፤ ፎርሙ አንደኛ ፎቅ መስኮት ላይ አለ። ቢደውሉለት ናዖድ ስልክ አላነሳም። «ፎርሙን ይዘንለት እንሄዳለን፤ ቤቱ ድረስ» አለች ብርነሽ። መስኮቱ ፊት ረጅም ወረፋ ነበር። መይሙና ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበችላት፤ እስከ አሥር ሰዓት ክፍት ነው።

ግሩምና መቅዲ ሁለት መቶ ስድሳ ከፍለው፣ ችሎቱ ሳይጀመር ወደ ቤታቸው ሄደዋል። የኩባንያው ወጣት ማንንም ሳያይ በደረጃ ወረደ። ጋሽ አምሐ የልጅ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት መውሰድ ስለነበረባቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄዱ። መስኮቱ ሊዘጋ ሲል ፎርሙ እጃቸው እስኪገባ ወረፋው ላይ የቆዩት፣ ክስ ያልነበረባት ብርነሽና ክሷ ያለቀላት መይሙና ነበሩ።